ባለጆሮው እና የአለቃው ፈረስ

በ1956 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዳንግላ የአውሮፕላን ሜዳ ዘበኛ ነበርሁ። ዘበኛ ስላችሁ ጠመንጃ የታጠቀ እንዳይመስላችሁ። ሥራዬ ከብት ማባረር፣ ሣር ማጨድ፣ በሩን መክፈትና መዝጋት ነበር። የዚያን በር ነገር ነው የምጽፈው። የምጽፈውም ለአቶ ደምሴ ብዬ ነው።

አቶ ደምሴ ባለፈው ኅዳር አረፉ። ልጃቸው ናት ከአዲስ አበባ የደወለችልኝ። ስልኬን ከማን እንዳገኘች እንጃ።

"አባባ ስንሻው እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"ነኝ።"

"ባለ ሁለት ሰዓቱ?"

ይኸን ጊዜ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥሁ። በዚያ ስም የሚጠራኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከዳንግላ ከሄዱ ወዲያ ዓይን ለዓይን አልተያየንም፤ ነገር ግን ወደዚህ የሚመጣ ሰው ባገኙ ቁጥር "ለባለ ሁለት ሰዓቱ ሰላም በሉልኝ" እያሉ ይልኩብኝ ነበር። ልጅቱ ስሙን እንጅ ምክንያቱን አታውቅም። "ለምን ነበር እንዲህ የሚሉዎት?" አለችኝ። በስልክ አይሆንም አልኋት። ይኸው በወረቀት ልሞክር። ፊደሌ ትንሽ ነው። ያችኑም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

አቶ ደምሴ የሬዲዮው ሠራተኛ ነበሩ። አገራቸው ሸዋ ነው። ቀጭን፣ ረዥም፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ጆሯቸው ላይ የሚደፉት ጥቁር ማዳመጫ ነበራቸው። ሥራ ሲያበቁ ወደ አንገታቸው ያወርዱትና እዚያው ይረሱታል። ገበያ ሲወጡ እንኳ ሽቦው በደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ ነው። የከተማው ሰው "ባለጆሮው" አላቸው። ሲያዳምጡ ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ብቻ ያነሳሉ። ያን ጊዜ ሬዲዮው ባለበት በቆርቆሮዋ ቤት ውስጥ ሳል እንኳ የለም። አንድ ቀን የአውራጃው ገዥ ሊጎበኙ መጥተው ንግግር ሲያደርጉ ሬዲዮው ጮኸ፣ እሳቸውም እጃቸውን አነሱ። ገዥው አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። የተቆጣም የለ። እጁ እንዲህ ያለ እጅ ነበር።

የሬዲዮውን ባትሪ የምሞላው እኔ ነበርሁ፣ ማዞሪያውን እንደ ወፍጮ እያዞርሁ። እኔ ሳዞር እሳቸው መዝገብ ይጽፋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መስመር፤ ሰዓቱ፣ የተሰማው ነገር፣ ፊርማ። በመጀመሪያው ሰሞን ምን ይጻፋል ብዬ ብጠይቃቸው አነበቡልኝ፦ "አራት ሰዓት፤ ምንም አልተሰማም። አራት ተኩል፤ ምንም አልተሰማም።"

"ጋሼ፣ ያልተሰማ ነገር ምኑ ይጻፋል?" አልኋቸው።

"አለመሰማቱ ነዋ!" አሉና ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ስማ ስንሻው። ዝም ያለ ሁሉ ሞተ አይባልም። ሄደም አይባልም። ዝም አለ ተብሎ ይጻፋል፣ እስኪመጣ ይጠበቃል።"

ለኔ ያን ጊዜ የቢሮ ወሬ ነበር።

የሚፈሩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ፈረስ። ይኸ ደግሞ በአገው ምድር ትልቅ መከራ ነው። በኛ ዘንድ ሰው ሲሞትም ፈረስ፣ ሲዳርም ፈረስ፣ ለንግሥም ፈረስ ነው። እሳቸው ፈረስ በመጣ ቁጥር መንገድ ይሻገራሉ። "ከፊት ይነክሳል፣ ከኋላ ይራገጣል፣ ከላይ ሲቀመጡበት ይጥላል። ታዲያ የሚጠቅመው በየት በኩል ነው?" ይሉ ነበር።

"አውሮፕላንስ አይጥልም ጋሼ?"

"አውሮፕላን ሊጥል ሲል ይናገራል።"

አንድ ከሰዓት በኋላ ሣር እያጨድሁ፣ እሳቸው በርሜል ላይ ተቀምጠው የፈረሰኞችን ሥርዓት አጫወትኋቸው። አጎቴ አያ ገላው የፈረሰኞች አለቃ ነበር። "የአለቃ ፈረስ ላይ ከአለቃው በቀር ሰው አይወጣም" አልኋቸው። "የወጣ ቢኖር፣ ፈረስ ያለው ሁሉ አሳዶ ማውረድ አለበት። ወንድሙም ቢሆን።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። የቀረ ሰው ከዚያ ወዲያ ፈረሰኛ አይባልም።"

"አይ እናንተ! ሕጉን ሁሉ ለፈረስ አውጥታችሁ ለሰው ምን ቀረ?" ብለው ሳቁ። እኔ ለጨዋታ ነው የነገርኋቸው። እሳቸው ግን የሰሙትን የሚጥሉ ሰው አልነበሩም።

ጥር 23 ቀን፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኛው ከየአገሩ መጣ። ከእንጅባራ፣ ከጥሊሊ፣ ከግምጃ ቤት፣ ሁሉም ፈረሱን አስጊጦ። የታጨደና ድንጋይ የሌለው ሜዳ በዚያ አካባቢ አንድ ብቻ ነው፤ የኛ ሜዳ። አውሮፕላን በሌለ ቀን ለጉግስ እንፈቅድላቸው ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከደብረ ማርቆስ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ይጠበቃል። ፓይለቱን፣ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰርና የመድኃኒት ሣጥን ይዞ። እኛ ዘንድ ወርዶ፣ ካስቀመጥንለት በርሜል ነዳጅ ሞልቶ ወደፊት ሊያልፍ ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳ ተባለ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ፓይለቱ ራሱ በሬዲዮ ገባ። እኔ ማዞሪያውን ይዤ ነበር፣ አቶ ደምሴ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ማዳመጫውን አወለቁ።

"ምን አለ ጋሼ?"

"'አንድ ሽታ ይሸተኛል' አለ። ከዚያ ተቆረጠ።"

አራት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። ደብረ ማርቆስን ጠየቁ፤ አልተመለሰም። ባሕር ዳርን ጠየቁ፤ አላየንም። በየግማሽ ሰዓቱ ጻፉ። ከዚያ ሁለቱን ነጭ አቡጀዲ አስወጡኝ፤ ለፓይለቱ የነፋሱን አቅጣጫ የምናሳይበት ነው። ሜዳው ላይ ዘረጋን፣ በድንጋይ ያዝን።

"ወድቆስ እንደሆነ ጋሼ?" አልሁ።

"የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የተቃጠለበት። ልጁ ብልህ ከሆነ ኤሌክትሪኩን በሙሉ አጥፍቶታል። ያኔ ሬዲዮ የለውም፣ የነዳጅ መለኪያም የለውም። ሞተሩ ግን እሳቱን ከራሱ ነው የሚያገኝ፣ ይበራል። አሁን እሱ ደንቆሮ ነው፣ ዓይን ግን አለው። ባዶ ሜዳና ነጭ ጨርቅ ማየት አለበት። በሩ ይዘጋ። እኔ ሳልነግርህ እንዳትከፍት።"

"እሽ" አልሁ። አፌ ነው እሽ ያለው።

ከበሩ ውጭ ፈረሰኛው እየበዛ ሄደ። ፈረሱ ያሽካካል፣ ሰዉ ይጨፍራል። አያ ገላው ግንባሩ ነጭ በሆነው ፈረሱ፣ በቦራው ላይ ሆኖ መጣ።

"ክፈት እንጅ ስንሻው!"

"አውሮፕላን ይጠበቃል፣ አያ ገላው።"

"የት አለ?"

"አልተሰማም።"

"ያልተሰማ ነገር ታግዶ የተሰማው ውጭ ይቁም?" ከኋላው ያሉት ሳቁ። "እንግዳ ከጥሊሊ ድረስ መጥቶ አጥር ላይ ይቆማል? የእህቴ ልጅ የሽቦ አሽከር ሆነ በሉኛ!"

አንዱ ደግሞ "ተውት፣ ባለጆሮው ጆሮውን ለግሶት ይሆናል" አለ። እንደገና ሳቁ።

ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ዞር ብዬ አየሁ። አቶ ደምሴ ሬዲዮው ላይ አጎንብሰዋል። አምስት ሰዓት ሆኗል። አውሮፕላኑ ወድቋል ወይም ወደ ሌላ ሄዷል ብዬ በልቤ ቆረጥሁ። በሩን የዘጉትን ሦስቱን አጣና አንድ በአንድ ሳብሁ። ማንም አልገፋኝም። ይኸን ያዙልኝ፤ ፈረስ ገፍቶ አልገባም። እኔ ነኝ የሳብሁት።

እንደ ጎርፍ ገቡ። አቡጀዲውን ሲያዩ ለበዓሉ የተነጠፈ መሰላቸው፣ ደስ አላቸው፣ ሲጋልቡበት ከአፈር ጋር አንድ ሆነ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ በእንጅባራ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ።

ዝቅ ብሎ ነው የመጣ፣ በሜዳው ዳር ያለውን የዋርካ ጫፍ ሊነካ ምንም አልቀረው። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ ክንፉን ወደ ግራ ጎንበስ፣ ወደ ቀኝ ጎንበስ አደረገ። ሬዲዮ የሌለው አውሮፕላን "አልሰማም፣ ልወርድ ነው፣ መንገድ ልቀቁ" የሚለው እንዲህ ነው። በኛ አገር ደግሞ ዘግይቶ የደረሰ ፈረሰኛ ሜዳውን ይዞራል፣ ግራና ቀኝ ጎንበስ እያለ ሽማግሌዎቹን ሰላም ይላል፤ የቀደሙት ደግሞ ወጥተው በግልቢያ ይቀበሉታል። እንግዲህ አስቡት። ሰዉ "ሰላም አለን! ጊዮርጊስን ሊያነግሥ መጣ!" ብሎ እልል አለ። ሊወርድ ዝቅ ባለ ቁጥር መቶ ፈረስ ከሥሩ ይጋልባል፣ አለንጋውን ወደ ሰማይ ያነሳለታል። እሱ ደንግጦ ሽቅብ ይወጣል። እነሱ ይበልጥ ደስ ይላቸዋል።

አቶ ደምሴ ከቤት ወጡ። ማዳመጫው አንገታቸው ላይ ነው፣ ነቅለውት ሽቦው መሬት ይጎተታል።

"በሩን ማን ከፈተው?"

ወደ አጣናዎቹ አየሁ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

"በአገውኛ ጩህ! ውጡ በላቸው!"

ጮኽሁ። ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮኽሁ። በዚያ እልልታ ማን ይሰማል? አንድ ሽማግሌ ብቻ ሰምተው "አይዞህ ልጄ፣ እናየዋለን" አሉኝ።

አቶ ደምሴ ሰዓታቸውን አዩ። "ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያበር ነዳጅ ነው ይዞ የተነሳ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖታል" አሉ። ለኔ አልነበረም የሚናገሩት። አውሮፕላኑ ሦስተኛ ዙሩን ጀመረ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"የአለቃው ፈረስ የቱ ነው?"

ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም። አያ ገላው እንግዶቹን ሊቀበል ወርዶ ዋርካው ሥር ነበር፣ ፈረሱ ከነዳጁ በርሜል አጠገብ ታስሯል።

"ያ ቦራው" አልሁ።

ሄዱ። ወደ ፈረስ ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። በርሜሉ ላይ ወጡ።  ልጓሙን ከታሰረበት ፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በሆዳቸው ወደቁበት። ቦራው ተነሳ። ተቀምጠው ነው እንኳ አይባልም፤ ጋማውን በሁለት እጅ አንቀው፣ የሬዲዮው ሽቦ ከኋላቸው እንደ ጅራት እየተውለበለበ፣ በሜዳው መሐል ሰንጥቀው ወደ በሩ።

መጀመሪያ እልልታው ተቋረጠ። ከዚያ አያ ገላው ጮኸ። ያን ጩኸት መቶውም ሰማው።

ሁሉም ዞሩ። ሰማይ ላይ ያለውን እንግዳ ረሱት፤ ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ ፈረስ የሌለው በእግሩ፣ የአለቃውን ፈረስ የደፈረውን ሊያወርዱ ተከተሉ። በሁለት ትንፋሽ ሜዳው ላይ የቀረ እኔና የተረገጠው አቡጀዲ ብቻ ነበርን። እኔም ተከትዬ ሮጥሁ።

ከበሩ ወዲያ ያለው ቦይ ላይ ቦራው ዘለለ። እሳቸው አልዘለሉም። ደርሼ ስመለከት ወድቀው አለንጋ ይወርድባቸዋል። "ተው! ተው!" እያልሁ ላያቸው ላይ ተደፋሁ፤ ሁለት ሦስቱ በጀርባዬ አረፈ። ያን ጊዜ ከኋላችን የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ ተንገጫገጨ፣ ጠፋ። ሰዉ አለንጋውን እንዳነሳ ዞሮ አየ። አውሮፕላኑ ሜዳው መሐል ቆሟል።

አቶ ደምሴ አፋቸው ደም ነው። አንድ እግራቸው በማይሆን በኩል ዞሯል።

"ወረደ?" አሉኝ።

"ወረደ ጋሼ።"

"ስንት ሰዓት ነው? ሰዓቴን እይልኝ።"

መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ይሄዳል ግን። አነበብሁላቸው። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በቃላቸው ያዙት።

ፓይለቱ ወጣት ነው፣ ሮጦ መጣ። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። ሽቦ ተቃጥሎ ጭስ ሲገባበት ኤሌክትሪኩን አጥፍቷል። ወደ ደብረ ማርቆስ ሊመለስ ዞሮ በሰደድ እሳት ጭስ መንገድ ስቷል፣ በኋላ የመኪናውን መንገድ አግኝቶ በቡሬ በእንጅባራ ይዞት መጥቷል። ነዳጁን በዘንግ ሲለካው የዘንጉ ጫፍ ብቻ ነው የራሰ። ድሬሰሩ ያን አይቶ ተንበረከከ፣ ቶሎም አልተነሳ። አያ ገላው አለንጋውን ጣለ። ፈረሰኛውም ጣለ። ማንም ማንንም አያይም።

ድሬሰሩ የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል ብሎ በጣውላ አሰረላቸው። በቆርቆሮዋ ቤት አልጋቸው ላይ ሆነው መዝገቡን አምጣ አሉኝ። ጻፉ። ሽታውን፣ ዝምታውን፣ ማረፉን፣ ፈረስ መስረቃቸውንም ሳይቀር ጻፉ። መሐል ላይ ግን አንድ መስመር ባዶ ተዉ።

"ይኸ ምንድን ነው ጋሼ?"

"በሩ የተከፈተበት ነው። እኔ አልከፈትሁም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። ሐሰትም አልጽፍበትም።"

"ባዶ ከቀረስ?"

"ባዶ ከቀረ ሜዳው የኔ ነው፣ ጥፋቱም የኔ ይሆናል። ደንቡ ነው።"

"እኔ እኮ መጻፍ አልችልም" አልኋቸው።

"ትችላለህ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የተናገሩኝ ክፉ ቃል ቢኖር ያች "ትችላለህ" ናት።

ሲመሽ አያ ገላው አብሮኝ ወደ ቤት ሄደ። ብዙ ሄድን። ከዚያ "ፈረሱ ገፍቶ ገባ በል" አለኝ።

"አልገፋም እኮ።"

"ፈረስ ምስክር አይቆጠርበትም። አንተ ሥራህን ታጣለህ፣ እኔ እታሰራለሁ። እሱ የመንግሥት ሰው ነው፣ የተማረ ነው፣ ሌላ ቦታ ይሰጡታል። ደግሞ በዝምታ የተጎዳ ሰው የለም።"

 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ዝምታ ምን እንዳደረገ አይቻለሁ። ግን እኔም ዝም አልሁ። እራት ቀረበልኝ፣ አልበላሁም። በአመድ ላይ በእንጨት ፊደል ስጽፍና ስደመስስ ሚስቴ አይታ ምን ነካህ አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ደምሴን ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ሆነ። ፓይለቱ ነዳጁን ከበርሜሉ ሞልቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሬዲዮ እንደሌለው ለባሕር ዳር አስቀድሞ ተነግሯል። አራት ፈረሰኞች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። አንዱ አያ ገላው ነው። ወንበሩን አንጋለው አስተኟቸው። መዝገቡ ደረታቸው ላይ ነው፣ ለአለቆቻቸው ሊያደርሱት። ፓይለቱ ባትሪው ስለሞተ ሞተሩን በእጅ አዙሮ ሊያስነሳ ከፊት ሄዶ የሚሽከረከረውን ምላጭ ያዘ።

እኔ በሩ ላይ ነበርሁ፣ አጣናዎቹ ዘንድ። ፓይለቱ "ዞር በሉ!" ሲል ሰማሁ። እግሬ ተነሳ። ሮጬ ደረስሁና እጄን በመስኮቱ አስገባሁ።

"ብዕሩን ይስጡኝ ጋሼ" አልሁ።

"ስንሻው!" አለ አያ ገላው ከኋላዬ።

ብዕሩን ሰጡኝ። መዝገቡን ክንፉ ላይ ዘረጋሁት። እጄ ማጭድ የለመደ እጅ ነው፤ አንዱን ፊደል ጽፌ ሌላውን እስካስታውስ ላብ ወረደኝ። ፓይለቱ "እንሂድ እንጅ፣ ነፋስ ሳይነሳ!" አለ። አቶ ደምሴ ከተኙበት ቀኝ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሱ። ፓይለቱ ምላጩን ለቀቀ። ድሬሰሩ ዝም አለ። ፈረሰኞቹ ዝም አሉ። አውሮፕላን ከነሰዉ ቆሞ እኔን ጠበቀ።

ጨርሼ ሰጠኋቸው። አያ ገላው "ምን ብለህ ጻፍህ?" አለኝ። ፊደል አያውቅም። "በሩን የከፈትሁ እኔ ስንሻው ነኝ" ብዬ አነበብሁለት። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

አቶ ደምሴ መዝገቡን ወደ ብርሃኑ አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ሰዓቱስ?" አሉኝ።

"የትኛው ሰዓት ጋሼ? የከፈትሁበት ነው ወይስ የጻፍሁበት?"

"ሁለቱንም።"

የተሰነጠቀ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው አሳዩኝ። መዝገቡን ተቀብዬ እንደገና ክንፉ ላይ ዘረጋሁና ሁለቱንም ሰዓት ጻፍሁ።